ትንፋሼ የተከሰሰበት ሰኞ

እናንተዬ፣ ሰው በስንት ነገር ይከሰሳል? በስርቆት ይከሰሳል፣ በስድብ ይከሰሳል፣ ድንበር በመግፋት ይከሰሳል። እኔን የከሰሱኝ ግን በትንፋሽ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን ላለቅስ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ትርንጎ ነው። ጎንደር፣ ወገራ ተወልጄ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አሽቀሎን ገባሁ። አሥራ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ አትክልት ስልጥና ስከትፍ ኖሬ ወገቤ እንቢ ሲለኝ በዕብራይስጥ መታፔሌት የሚሉትን ሆንኩ፤ አቅም ያጡ ሽማግሎች ቤት እየሄድኩ የማጥብ፣ የማበላ፣ መድኃኒት የማስታውስ ማለት ነው። እናቴ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ምክሯን ይዤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። አሠሪዎቼ ይኼን በጣም ይወዱት ነበር። «እናንተ ኢትዮጵያውያን እንዴት ጨዋ ናችሁ! ድምፃችሁ እንኳ አይሰማ!» ይሉኛል። እኔም እንደ ምርቃት እቀበለው ነበር፣ ሞኝ!

የመጨረሻዋ አሠሪዬ እማማ ሩት ናቸው። ሮማኒያ የተወለዱ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ የሰማንያ ስድስት ዓመት አሮጊት። እግራቸው ከድቷቸዋል፤ ጭንቅላታቸው ግን ምላጭ ነው። እኔ በእኛ ወግ «እማማ» ስላቸው እሳቸው በዕብራይስጥ «እናቴ» ያልኳቸው ይመስላቸውና ደስ ይላቸዋል። አላረምኳቸውም፤ ምን አጠፉ?

እማማ ሩት በዚህ ዓለም ላይ የቀራቸው ደስታ አንድ ነው፦ ብሪጅ የሚሉት የካርድ ጨዋታ። ሰኞ ሰኞ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን እየገፋሁ ከማትናሱ፣ ከሰፈሩ መሰብሰቢያ ቤት፣ ሥር ወዳለው ሚቅላት፣ ወደ ቦምብ መጠለያው፣ አወርዳቸዋለሁ። ክለቡ እዚያ ነው የሚጫወተው፤ ሲረን ቢጮህም ካርዱን አስቀምጦ የሚሮጥ የለም። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ ስድስት ዓመት አየሁ። መጀመሪያ እንቅልፌ ይመጣ ነበር። ቆይቶ ግን፣ አትፍረዱብኝ፣ ቤት ገብቼ ድንች ስልጥ እንኳ ካርድ እቆጥር ጀመር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት ሰው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ይቀመጣል፤ ጓደኛሞቹ ፊት ለፊት ናቸው። እያንዳንዱ አሥራ ሦስት ካርድ ይይዛል። በአንድ ዙር አራቱም አንዳንድ ካርድ ይጥላሉ፤ መጀመሪያ የተጣለው ዓይነት ያለው ያንኑ መጣል ግዴታው ነው፤ የበለጠው ይበላል፣ የበላውም ቀጣዩን ይጀምራል። መጀመሪያ ግን ጨረታ አለ፤ «ይህን ያህል ዙር እበላለሁ» ብሎ ቃል የገባ ጨዋታውን ይይዛል። እሱን ማኽሪዝ ይሉታል፣ በእኛ ቋንቋ አዋጅ ነጋሪ እንደ ማለት። የእሱ ጓደኛ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ለሁሉም ዘርግቶ አፉን ይዘጋል። እሱን ደግሞ ዶሜም ይሉታል፣ ዝም ያለው፣ ግዑዙ። ሁለቱንም እጅ የሚጫወተው ማኽሪዙ ነው። እኔ ይህን ስሰማ በሆዴ ሳቅሁ፦ ለካ እኔ በዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ዶሜም ነበርኩ!

እንግዲህ የእማማ ሩት የዘወትር ጓደኛ ሃና ልጃቸው ዘንድ ሃይፋ ገቡ። ብሪጅ ያለ ጓደኛ የለም። እማማ ሩት ሦስት ሰኞ ቤት ቁጭ ብለው ግድግዳ ሲያዩ አንጀቴ አልቻለም።

«እኔስ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺማ ከሃና ትሻያለሽ» አሉ፣ «እሷ አትቆጥርም ነበር።»

የክለቡ ኮሚቴ ግን አንገራገረ። በተለይ ራፊ። ራፊ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሚስቱ ጺፒ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሲቆጣት የሚውል። «ወንበር የምትገፋ ሴት እንዴት ትወዳደራለች? ነገ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋን እናስቀምጣለን?» አለ፣ እኔ በቆምኩበት። በመጨረሻ ዳኛው ሞሼ አስታራቂ ሐሳብ አመጣ፦ ሦስት ሰኞ ትሞክር፤ በሦስቱ ሰኞ ቅሬታ ካልቀረበባት ወንበሩ የእሷ ነው፤ አንድ ቅሬታ ከጸና ግን በቃ።

ሁለቱ ሰኞ በሰላም አለፉ። በሦስተኛው ሰኞ፣ በመጨረሻው ጨዋታ ላይ፣ ራፊና ጺፒ እኛ ጠረጴዛ ደረሳቸው።

ካርዴን ሳነሳ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ቅጠል የሚሉት ጥቁሩ ስድስት፣ ከአስ ጀምሮ። የልብ አስና ንግሥት። የአልማዝ አስና ንጉሥ። የቀሩት ሦስቱ ትንንሽ ናቸው፣ አንድ ልብ፣ አንድ አልማዝ፣ አንድ ደግሞ ከአራተኛው ዓይነት። አስ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ጨረታውን ራፊ ከፈተው፤ ይህ ማለት «ጠንካራ ካርድ ይዣለሁ» ማለቱ ነው። እኔ ቀጠልኩ፣ እማማ ሩት ደገፉኝ፣ ወጣን፣ ወጣን፤ በስተመጨረሻ «ስድስት ቅጠል» አልኩ። ከአሥራ ሦስቱ ዙር አሥራ ሁለቱን እበላለሁ ማለት ነው። ማጣት የምችለው አንድ ዙር ብቻ፤ ቅጠል ደግሞ ገዢ ሆነ፣ ሌላውን ሁሉ የሚቆርጥ።

ራፊ ፈገግ ብሎ የቲልታን ንጉሥ ጣለ፤ ቲልታን ባለ ሦስት ቅጠሉ ነው። እማማ ሩት ካርዳቸውን ዘረጉና ዶሜም ሆኑ። ከእሳቸው ካርድ አንዷን አንስቶ መጣል ብቻ ነው የቀረኝ።

አላነሳሁም። እማማ ሩት በስድስት ዓመት ውስጥ ሺህ ጊዜ ያሉት ነገር አለ፦ «የዶሜሙን የመጀመሪያ ካርድ ከመንካትሽ በፊት እጅሽ ላይ ተቀመጪበት። የሚበላሽ ነገር ሁሉ የሚበላሸው እዚያች ላይ ነው።» እኔም የእውነት ሁለት እጄን ከጭኔ ሥር ከተትኩ።

ቆጠርኩ። ስድስት ቅጠል፣ ስድስት ዙር። ሁለት አልማዝ፣ ስምንት። የልብ አስ፣ ዘጠኝ። የእማማ ሩት የቲልታን አስ፣ አሥር። ሦስተኛዋን ትንሽ አልማዜን በእሳቸው ገዢ ብቆርጣት አሥራ አንድ። አንድ ጎደለኝ።

«ኑ?» አለ ራፊ። እንግዲህ በዚህ አገር «ኑ» ማለት ቶሎ በል ማለት ነው።

የጎደለችኝ የልብ ንግሥቴ ናት። የልብ ንጉሥ እኛ ዘንድ የለም። ጺፒ ዘንድ ከሆነ ንግሥቴ ታመልጣለች፤ ራፊ ዘንድ ከሆነ ግን ይበላታል፣ ከዚያም ትንሿን ልቤን ይደግምባታል። ሁለት ጠፋ ማለት ነው፤ ተሸነፍኩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይሞክራል፣ ዕድል ይላል። እኔ ግን ያልታዩትን ትልልቅ ካርዶች ቆጠርኳቸው። ራፊ ጠንካራ ነኝ ብሎ ጨረታ ከፍቷል፤ ሁሉም እሱ ጋ ካልሆኑ አይከፍትም። ንጉሡ እዚያው ነው፣ ከጢሙ ሥር።

«ኑ፣ ካዲማ! እናርጅ እንዴ?» አለ እንደገና።

ሰባ ዓመት ሞልቶታል እኮ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ አልኩ በልቤ። እጄ ላይ ተቀምጬ ቀጠልኩ። ንጉሡ እሱ ጋ ከሆነ ልቡን እኔ መጣል የለብኝም፤ እሱ ራሱ እንዲጥልልኝ ማድረግ አለብኝ። እንዴት? ማጣት የምችለው አንድ ዙር አለኝ አይደል? እሷን ለእሱ እሰጣለሁ። ግን አሁን አይደለም። መጀመሪያ ቤቱን ባዶ አደርግበታለሁ፤ የሚሸሽበት ካርድ ሲያልቅበት ነው የምሰጠው። ያኔ ከበላ በኋላ እሱ ጣይ ይሆናል፤ ልብ ቢጥል ንግሥቴ ጋ ይመጣል፤ ሌላ ቢጥል በእማማ ሩት ገዢ ቆርጬ ንግሥቴን እጥላታለሁ፣ ከነጭራሹ አያገኛትም። በሁለቱም በኩል የእኔ ነው። ልቤ ድው ድው አለብኝ፣ ግን ከደስታ ነው።

እጄን አወጣሁና ጀመርኩ። በእማማ ሩት አስ ንጉሡን በላሁ። አንድ ቲልታን በገዢ ቆረጥኩ፤ በቅጠል ወደ እማማ ሩት ተሻገርኩ፤ ሌላ ቲልታን ቆረጥኩ። ገዢዎቻቸውን አወጣሁ። ሁለቱን አልማዝ በላሁ፣ ሦስተኛዋን እማማ ሩት ዘንድ ቆረጥኳት። ስምንት ዙር፣ ስምንቱም የእኛ። በእማማ ሩት ካርዶች ውስጥ አንዲት ቲልታን ብቻ ቀርታለች፣ አሥር ቁጥር። ጣልኳት። ጺፒ ትንሽ ጣለች። እኔ በገዢ መቁረጥ እችል ነበር፤ አልቆረጥኩም። ትንሿን ልቤን ጣልኩባት።

እማማ ሩት የአሮጊት ልማድ አላቸው፤ ጓደኛቸው ሌላ ዓይነት ካርድ በጣለ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ ደንቡም ይፈቅዳል። «ቲልታን የለሽም?» አሉኝ።

እኔም «እ!» አልኩ።

የራፊ ዓይን በራ። በቲልታን ንግሥት በላና አራቱን የቀሩ ካርዶች ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ ልብ ጣለ። እኔ በንግሥቴ በላሁ፣ በአስ ደገምኩ፣ ሁለት ገዢ። አሥራ ሁለት!

ደስታዬን እንኳ ሳልውጠው ራፊ እጁን አወጣ። «ዳኛ! ሞሼ! ወደዚህ!»

ከሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሁሉ ሰው ወደ እኛ ዞረ።

«ይህች ሴት አታለለችኝ» አለ። «ካርዷን ጥላ ወዲያው ደነገጠች፣ ትንፋሿ ቁርጥ አለ፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል! መቁረጥ ረስታ የተሳሳተች፣ የልብ ንግሥትም የሌላት መሰለኝ። ለዚህ ነው ልብ የጣልኩት። አልማዝ ልጥል ነበር። ማስመሰል በደንቡ ማጭበርበር ነው። ይጻፍልኝ።»

ማጭበርበር! በሕይወቴ ከሰው ቤት መርፌ አንስቼ አላውቅም። ፊቴ ጋለ። ሞሼ ጎንበስ ብሎ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ «ድምፅ አውጥተሻል?» አለኝ። ምን ልል እንደነበር ልንገራችሁ? «ስሊኻ» ልል ነበር። ይቅርታ። ቃሏ ምላሴ ላይ ቁጭ ብላ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የለመደችው ቦታ ላይ። በመሥሪያ ቤቱም ስሊኻ፣ በአውቶቡሱም ስሊኻ፣ የረገጠኝንም ስሊኻ።

እማማ ሩት ሊናገሩልኝ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ እጄን አነሳሁ። «እማማ ሩት፣ እርስዎ ዶሜም ነዎት» አልኳቸው፣ «ማኽሪዟ እኔ ነኝ።» ከወዲያ ጠረጴዛ አንድ ሰው ሳቀ። ተነስቼ ቆምኩ።

«አዎ፣ ድምፅ አውጥቻለሁ» አልኩ። «ቲልታን የለሽም ወይ ተባልኩ፤ አዎ የለኝም አልኩ። እኛ አዎ የምንለው እንዲህ ነው። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን። እናቴም እንዲህ ነው የምትለው፣ አያቴም። ድንጋጤ አይደለም። ቃል ነው።»

ራፊ ከት ብሎ ሳቀ። «በዓለም ላይ እየደነገጠ አዎ የሚል ሕዝብ አለ?»

ሞሼ ራሱን አከከ። «እኔ የማላውቀውን እንዴት ልፍረድ? በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ከእናንተ ወገን አይደል? እንጥራውና አንድ ነገር እንጠይቀው፤ እንዲህ ካለ...»

«አይጠራም!» አልኩ። ድምፄ እኔንም አስደነገጠኝ። «ሰውዬው ሥራ ላይ ነው። ጉሮሮው እንዲመረመር ደረጃ አይወርድም። ለትንፋሼ ምስክር አላቆምም። ካርዶቹ እነሆ አሉ አይደል? እነሱ ይመስክሩ።»

በውድድር ብሪጅ ካርድ አይደባለቅም፤ እያንዳንዱ የጣለውን በፊቱ ይደረድራል። ስለዚህ «የመጨረሻ አራት አራት ካርዳችሁን መልሳችሁ አንሱ» አልኩ። «ራፊ በልቷል፣ ጣይ እሱ ነው። ምንም ድምፅ አልሰማህም። ማንም አላታለለህም። ልትጥል የነበረውን አልማዝ ጣል።»

ራፊ ሞሼን አየ። ሞሼ ራሱን ነቀነቀ። ራፊ አልማዙን ጣለ። እኔ በእማማ ሩት የቀረች አንዲት ገዢ ቆረጥኩት፣ ከእጄ የልብ ንግሥትን አንስቼ ለሁሉም አሳይቼ ጣልኳት። አሁን እጄ ላይ የልብ አስና ሁለት ገዢ ብቻ ቀሩ። ማን ይነካቸዋል? አሥራ ሁለት!

«ሌላም ካለህ ጣል» አልኩት። «ካሉህ አራት ካርዶች ሦስቱ ልብ ናቸው። የትኛውንም ጣል። ስትደነግጥ ጣል፣ ስትስቅ ጣል። የአንተ መታለል አላስፈለገኝም። ይህን ያሰብኩት የመጀመሪያውን ካርድ ሳልነካ ነው። አንተ 'ኑ፣ ካዲማ' እያልክ ስታዋክበኝ ምን እየሠራሁ መሰለህ? እንቅልፍ ወስዶኝ ነው?»

ጺፒ ካርዶቹን እያየች ነበር። ከዚያ፣ ያቺ ቃል ስትናገር ሰምቻት የማላውቅ ሴት፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለው» አለች ለባሏ። «ሩት ውኃ ትፈልጊያለሽ ወይ ስትላትም እንዲህ ነው የምትለው። አንተ ሰው ስለማትሰማ ነው።»

ሞሼ ውጤቱ ይጸናል አለ። ቅሬታው ውድቅ። እማማ ሩት በሁለት መዳፋቸው ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ መቱት። ወንበሩ የእኔ ሆነ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሞሼ ግን የሰላም ሰው ነው፤ ሁሉም ደስ ብሎት እንዲገባ ይፈልጋል። ሁላችንም ስንነሳ ጠጋ ብሎ፣ ራፊ እየሰማ፣ «ለወደፊቱ ግን፣ ሌሎችን እንዳያደናግር፣ ያንን ድምፅ ብትተዪው ምን ይመስልሻል? 'ኬን' ብትይ በቂ ነው። ቤሴዴር?» አለኝ። ኬን በዕብራይስጥ አዎ ነው፣ ቤሴዴር ደግሞ እሺ።

የድሮዋ ትርንጎ ይህን በደስታ ትቀበል ነበር። አሸንፋ እንኳ መልሳ ትሰጥ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን እጄ ላይ የምቀመጥ ሴት ሆኜ ነበር። ትንሽ አሰብኩ።

«ሎ» አልኩት። አይሆንም። «ራፊ ካርድ ሲጥል ያፏጫል፣ አንተ ታንቋርራለህ፣ እማማ ሩት በሮማኒያኛ ይራገማሉ። ማንም ተዉ አላላችሁም። እኔ ትንፋሼን የማስተካክለው ሳንባ ሐኪም ዘንድ እንጂ ጥርስ ሐኪም ፊት አይደለም።»

ራፊ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ይሂድ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ካርድ እንዳይመስላችሁ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ለሰው ያልሰጠሁት ነገር አልነበረም። ስሜን ሰጥቼ ነበር፤ «ይከብዳል» ሲሉኝ በፈለጉት ጠሩኝ። ቦታዬን ሰጥቼ፣ ተራዬን ሰጥቼ፣ ይቅርታዬን ሳላጠፋ ሰጥቼ ኖሬያለሁ። ለምን ብትሉኝ፣ አስቤበት አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የመጣውን ካርድ አንስቼ እጥላለሁ፣ የቸኮለ ሲጮህብኝ ደግሞ ሁለተኛውን። አሁን ግን እላችኋለሁ፦ መስጠት የምትችሉት አንድ ዙር አለ፣ አዎ፤ ምንም አልሰጥም ማለት አይቻልም። ግን የትኛውን፣ ለማን፣ መቼ እንደምትሰጡ ራሳችሁ ምረጡ። ራፊ የበላት ዙር የእኔ ስጦታ ነበረች፤ እሱ ግን የቀማኝ መስሎት ነበር።

ሰው ያልገባውን ነገር ድንጋጤ ይለዋል፣ ተንኮል ይለዋል። ያ የእሱ ችግር ነው። ቋንቋችሁን ስላልሰማ አንደበታችሁን አትቁረጡለት።

ማታ ለልጄ ደወልኩላት። አሽዶድ ባንክ ትሠራለች፤ እኔ በአማርኛ አወራታለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች። ካርድ በካርድ ነገርኳት፤ ራፊ ሲከሰኝ ተናደደች፣ ንግሥቷን ስጥላት ጮኸች። መጨረሻ ላይ ግን ተነፈሰችና እንዲህ አለች፦

«እማ፣ ግን ምን አለበት፣ መጀመሪያውኑ ዝም ብለሽ 'አዎ' ብትይው ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር እኮ።»

«ብዬው ነበር እኮ!» አልኳት።